ቻርልስ ሊንድበርግና የሞተር ነገር

ስለ ቻርልስ ሊንድበርግ ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ከኒውዮርክ ብቻውን ተነሥቶ ፓሪስ ያረፈበትን በረራ ነው። የቀረው የሕይወቱ ታሪክ በዚያች አንዲት በረራ ጥላ ሥር ተሸፍኖ ቀርቷል ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ በአብራሪነትና በአውሮፕላን ጥገና ሙያ የተሰማሩ ሰዎች ሊንድበርግን በቅርብ ሊያውቁት የሚገባበት ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ውቅያኖሱን ከመሻገሩ አስቀድሞ በነበሩት አምስት ዓመታት ውስጥ፣ ሞተር በአየር ላይ ሲታመም ምን ማድረግ እንደሚገባ ከአስተማሪ ይልቅ ከረግረግና ከበቆሎ ማሳ የተማረ ሰው መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሊንድበርግ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1902 በዲትሮይት ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን በሚኒሶታ ግዛት፣ ሊትል ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በነበረው የቤተሰቡ እርሻ ላይ ነው። አባቱ ለ10 ዓመታት የአሜሪካ ምክር ቤት አባል የነበረ የሕግ ሰው ሲሆን፣ እናቱ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበረች። ልጁ ከመጻሕፍት ይልቅ ለመኪና ያደላ ነበር። በ11 ዓመቱ መኪና መንዳት ተማረ፤ በ14 ዓመቱም እናቱን አሳፍሮ፣ መንገድ ለመባል በማይበቃ መንገድ፣ ከሚኒሶታ እስከ ካሊፎርኒያ ነዳ። ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመካኒካል ምሕንድስና ትምህርት ቢጀምርም ውጤቱ የሚያስመካ አልነበረም፤ በ1922 መጀመሪያ ላይ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ።

ከዚያም በነብራስካ ግዛት ወደምትገኘው ሊንከን ከተማ ሄዶ አውሮፕላን እየሠራ መብረርም በሚያስተምር አንድ ኩባንያ ተመዘገበ። ኤፕሪል 9 ቀን 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ላይ ሲወጣ ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። ትምህርቱ ብዙም ሳይቆይ እክል ገጠመው። ከአስተማሪው ጋር 8 ሰዓት ያህል ከበረረ በኋላ ድርጅቱ የማሠልጠኛውን አውሮፕላን ሸጠው፤ ብቻውን እንዲበርም አውሮፕላኑ ቢሰበር ለኪሣራው የሚሆን የመያዣ ገንዘብ አምጣ ተባለ። ገንዘቡ አልነበረውም። ስለዚህ መብረር ተምሮ ሳይጨርስ፣ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ ትርዒት ከሚያሳዩ አብራሪዎች ጋር በመካኒክነት፣ በአውሮፕላን ክንፍ ላይ በመራመድና በፓራሹት በመዝለል አንድ በጋ አሳለፈ። ብቻውን ከመብረሩ በፊት ከአውሮፕላን መዝለል የተማረ አብራሪ እምብዛም አይገኝም።

በ1923 ጸደይ በጆርጂያ ግዛት ከነበረው የጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ ከርቲስ ጄኒ የተባለችውን ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ማሠልጠኛ አውሮፕላን በ500 ዶላር ገዛ። የሚገርመው ነገር፣ ከገዛ በኋላ ማንም ፈቃድ እንዲያሳይ አልጠየቀውም፤ በዚያን ጊዜ የሚጠይቅ ሕግ አልነበረምና። አውሮፕላኗን ጥቂት ከመሬት አንሥቶ በአንድ ጎማ መልሶ ካሳረፋት በኋላ፣ ሁኔታውን ይመለከት የነበረ አንድ የማያውቀው አብራሪ ራርቶለት አብሮት ተቀመጠና ጥቂት ጊዜ አነሡ፣ አሳረፉ። ነፋሱ ጸጥ እስኪል ጠብቅ ብሎ መክሮትም ሄደ። ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሊንድበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን በረረ።

የዚያን ዘመን ሠልጣኝ ሥጋት ለመረዳት የጄኒን ሞተር ማወቅ ይጠቅማል። ኦኤክስ 5 ይባላል፤ ባለ 8 ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ 90 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ነው። ያለው ማግኔቶ አንድ ብቻ፣ በየሲሊንደሩም ላይ ያለው ካንዴላ አንድ ብቻ ነበር። ዛሬ በትናንሽ አውሮፕላኖች ላይ ሁለት ማግኔቶ የሚደረገው አንዱ ቢሞት ሌላው እንዲሠራ ነው፤ የኦኤክስ 5 ማግኔቶ ከሞተ ግን ሞተሩም አብሮ ይሞታል። የቫልቮቹ መሣሪያ ከላይ ተጋልጦ ስለሚሠራ አብራሪው ራሱ ቅባት ማድረግ ነበረበት። ራዲያተሩ ካፈሰሰ ሞተሩ ይግላል። አውሮፕላኗ ደግሞ ሽቦና ምሰሶ የበዛባት በመሆኗ ሞተሩ ሲደክም ፍጥነቷን ወዲያው ታጣለች፤ አፍንጫዋ ቶሎ ዝቅ ካልተደረገ ክንፎቿ አየሩን መያዝ ይሳናቸዋል።

ከዚህ የተነሣ በዚያን ዘመን የነበሩ አብራሪዎች አንድ ቅደም ተከተል ለመዱ። ሞተሩ ሲያጉረመርም ወይም ዝም ሲል መጀመሪያ አፍንጫን ዝቅ አድርጎ ፍጥነትን መጠበቅ፤ ቀጥሎ ከፊት ለፊት ካለው መሬት ማረፊያ መምረጥ፤ ከፍታና ጊዜ ከተረፈ ብቻ የነዳጁን መክፈቻ፣ የማግኔቶውን ማብሪያና የውሃውን ሙቀት መመልከት። ብዙ ሠልጣኞች የሞቱት ይህን ገልብጠው፣ አስቀድመው ሞተሩን ለማስነሣት ሲታገሉ ነው። ከመሬት ገና ሲነሡ ሞተር የቆመባቸው ደግሞ ወደ ሜዳው ለመመለስ ሲዞሩ አለቁ። መዞር ከፍታ ይበላል፤ ዝቅተኛ ከፍታ ላይ ያለ አውሮፕላን ደግሞ የሚበላ ከፍታ የለውም።

ሊንድበርግ ይህን ትምህርት በራሱ ሰውነት የቀመሰው በ1923 በሚኒሶታ፣ ሳቬጅ በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ነው። አባቱ በዚያ ወቅት ለሴኔት ይወዳደር ስለነበር ልጁ በአውሮፕላን ሊያግዘው ይሄዳል። ከባድ ዝናብ ያዘውና ከሲሊንደሮቹ አንዱ መሥራቱን አቆመ። ሊያርፍበት ያሰበውን የሣር ሜዳ መዞር እንደጀመረ ሁለት ሲሊንደሮች ተጨመሩ። ከመሬት ያለው ከፍታ ከ60 ሜትር ያነሰ ነበር፤ እርሱም በፍጥነት እየቀነሰ ሄደ። ወደ ሣሩ ሜዳ መድረስ የማይቻል ሆነ። የቀረው ምርጫ ሁለት ነው፤ ረዣዥም ዛፎች ወይም ረግረግ።

ረግረጉን መረጠ፤ ጋዙንም ዘጋ። ጎማዎቹ ጥቂት እንደተንከባለሉ በጭቃው ውስጥ ሰጠሙና አውሮፕላኗ በጀርባዋ ተገለበጠች። አብራሪው በቀበቶው ተንጠልጥሎ ቁልቁል ቀረ፤ ፕሮፔለሩ ተሰነጠቀ፤ እርሱ ግን አንዳች ጉዳት አልደረሰበትም። ሲገለበጥ ያዩ ሁለት ልጆች ወደ ከተማው ሮጠው፣ ቀርበን አንገቱን ዳሰስነው፣ ሞቷል ብለው አወሩ። ሕዝቡ ሬሳ ሊያነሣ መጥቶ ሊንድበርግን ቆሞ አገኘው።

ይህን ታሪክ የሚያነብ አብራሪ ልብ ሊለው የሚገባው ነገር ረግረጉ ምን ያህል መጥፎ ማረፊያ እንደሆነ ነው። ጎማ የሚይዝ፣ አውሮፕላን የሚገለብጥ መሬት ነው። ግን ሰው የሚገድለው መገልበጥ ሳይሆን በፍጥነት ላይ ካለ ከጠንካራ ነገር ጋር መጋጨት ነው። ወጣቱ አብራሪ አውሮፕላኗን ሊያድን ቢሞክር ኖሮ፣ የተዳከመውን ሞተር ተስፋ አድርጎ በዛፎቹ ላይ ለመሻገር ይታገል ነበር። እርሱ ግን 500 ዶላሯን ሰውቶ ራሱን አተረፈ። በዚያ ዕድሜ፣ ያለው ሀብት እርሷ ብቻ ለሆነ ሰው፣ ይህ ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

በማርች 1924 በቴክሳስ ብሩክስ ፊልድ በሚገኘው የጦር ሠራዊት የበረራ ትምህርት ቤት ገባ። ከእርሱ ጋር የጀመሩት እጩዎች 104 ነበሩ። በዚያ ጊዜ በነበረው ሥልጠና አስተማሪው ሳይታሰብ የጋዝ መስጫውን ዘግቶ፣ ሠልጣኙ ወዲያውኑ ማረፊያ መርጦ፣ የነፋሱን አቅጣጫ ከጭስ ወይም ከዛፍ ቅጠል ለይቶ እንዲወርድ ማድረግ የተለመደ ነበር። ሊንድበርግ ይህ እንግዳ አልሆነበትም። ያስቸገረው የክፍል ትምህርት ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ የሰነፈው ተማሪ ግን እዚህ ሌሊቱን በመታጠቢያ ቤት መብራት እስከማጥናት ደረሰ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በማርች 1925፣ ከ104ቱ 18 ብቻ ሲመረቁ ሊንድበርግ ከሁሉ አንደኛ ወጣ። ከምረቃው ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በልምምድ ላይ ሳለ አውሮፕላኑ ከሌላ አውሮፕላን ጋር በአየር ላይ ተጋጭታ ሁለቱም አብራሪዎች በፓራሹት ወርደው ተርፈዋል።

ከዚያ በኋላ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ላምበርት ሜዳ ሠልጣኞችን አስተማረ፤ በኤፕሪል 1926 ደግሞ ከሴንት ሉዊስ እስከ ቺካጎ የፖስታ በረራ ጀመረ። አውሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ዲ ኤች 4ዎች ሲሆኑ፣ ባለ 12 ሲሊንደሩ ሊበርቲ ሞተር ይጎትታቸው ነበር።

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1926 ምሽት ላይ የሆነው ነገር በዝርዝር ሊነገር ይገባዋል። ወደ ቺካጎ ሲቃረብ ከተማዋን ጉም ሸፍኗት አገኘ። ከጉሙ በላይ ሆኖ ቀዳዳ ሲፈልግ ሞተሩ በድንገት ቆመ። እንደ እርሱ ስሌት ገና ነዳጅ ነበረው። ምክንያቱ ኋላ እንደታወቀው፣ 110 ጋሎን የሚይዘው ዋናው ታንክ ለጥገና ወጥቶ በምትኩ 85 ጋሎን የሚይዝ ተተክቶ ነበር፤ ይህንንም ለአብራሪው የነገረው ሰው አልነበረም። ወደ መጠባበቂያው ታንክ ቀይሮ 20 ደቂቃ ያህል ከከተማው ወደ ገጠሩ በረረ፤ ያም አለቀ። 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሞተሩ ሲሞት ከመቀመጫው ወጥቶ ወደ ጨለማው ዘለለ።

ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሞቷል ብሎ የማግኔቶውን ማብሪያ ሳያጠፋ ዘለለ። ሰው የሌለባት አውሮፕላን አፍንጫዋን ስትደፋ በታንኩ ግርጌ የቀረው ጥቂት ቤንዚን ወደ ካርቡራቶሩ ፈሰሰ፤ ሞተሩም ነፍስ ዘራ። ሊንድበርግ በፓራሹቱ ተንጠልጥሎ ሳለ የሞተር ድምፅ ሰማ፤ ወዲያው የገዛ አውሮፕላኑ እየዞረች ወደ እርሱ ስትመጣ አየ። ከእርሱ ሦስት መቶ ሜትር በማይሞላ ርቀት አለፈች፤ ዞራም ተመለሰች። እርሱ እየወረደ፣ እርሷም ክብ እየሠራች አብራው እየወረደች፣ ደጋግማ ከዞረች በኋላ ጉሙ ለያቸው። ከራሱ በላይ ቁመት ባለው በቆሎ ውስጥ አረፈ። አውሮፕላኗ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ተሰባብራ ተገኘች፤ ፖስታው ግን ድኖ በባቡር ተላከ።

ሠልጣኞች ያለ ሞተር ለማረፍ ሲዘጋጁ ነዳጁን እንዲዘጉና ማግኔቶውን እንዲያጠፉ ሲነገራቸው የቆመን ነገር እንደገና ማቆም ምን ይጠቅማል የሚሉ ሞልተዋል። የዚያች ሌሊት ታሪክ መልስ ይሆናቸዋል። በኖቬምበርም በዚያው መሥመር ላይ በበረዶ ተይዞ፣ ነዳጁ አልቆ ሌላ ጊዜ ዘሏል።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ከኒውዮርክ እስከ ፓሪስ ያለማቋረጥ ለሚበር አብራሪ የተመደበውን የ25,000 ዶላር ሽልማት ሲያስብ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን መምረጡ ብዙዎችን አስገርሟል። ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች አንዳንዶቹ ባለ ሦስት ሞተር ያዘጋጁ ነበር። የሊንድበርግ አስተሳሰብ ግን ከልምድ የመጣ ነበር። ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን ነዳጅ ተሞልታ በከበደችበት በመጀመሪያው ሰዓታት አንዱ ሞተር ቢቆምባት በሁለቱ መብረር አትችልም፤ ስለዚህ ሦስት ሞተር ማለት የብልሽትን ዕድል በሦስት ማባዛት ነው። የታዋቂው ፈረንሳዊ አብራሪ የሬኔ ፎንክ ባለ ሦስት ሞተር አውሮፕላን በሴፕቴምበር 1926 ከመሬት መነሣት አቅቷት ተቃጥላ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ሊንድበርግ በሳን ዲዬጎ ባለው በራያን ኩባንያ ያሠራት አውሮፕላን 223 የፈረስ ጉልበት ያለው፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ 9 ሲሊንደር ራይት ሞተር ነበራት። ውሃ የለም፣ ራዲያተር የለም፣ የሚያፈስ ቧንቧም የለም። ዋናውን ታንክ ከመቀመጫው ፊት ለፊት ያስደረገው፣ ወደ ፊት የማየት ዕድሉን ሰውቶ፣ ቢወድቅ በሞተሩና በታንኩ መካከል እንዳይጨፈለቅ ነው።

ያች ሞተር ታዲያ የአትላንቲክ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ልታስቀረው ነበር። ሜይ 10 ቀን 1927 ከሳን ዲዬጎ ተነሥቶ ወደ ሴንት ሉዊስ ሲያመራ፣ ሌሊት በአሪዞና ተራሮች ላይ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለ ሞተሩ ይንቀጠቀጥና ያስል ጀመር። ጉልበቱ ደከመ፤ ከፍታው መቀነስ ያዘ። ከሥሩ ያለው በጨረቃ ብርሃን የሚታይ ተራራና ገደል ነው። እንደ ሳቬጁ ዕለት ረግረግ እንኳን አልነበረም። ክብ እየሠራ፣ ከሁሉ የሚሻለውን መሬት ከሥሩ እየጠበቀ፣ ጋዙንና የነዳጁንና የአየሩን ድብልቅ አሁንም አሁንም ይለዋውጥ ጀመር። ሞተሩ ቀስ በቀስ እያገገመ ሲመጣ እንደገና ከፍታ ይዞ ተራሮቹን አለፈ። ሴንት ሉዊስ የደረሰው ከ14 ሰዓት ከ25 ደቂቃ በረራ በኋላ ነው።

ምክንያቱ በካርቡራቶሩ ውስጥ የተሠራ በረዶ እንደሆነ ገመተ። ቤንዚን በካርቡራቶር ጉሮሮ ውስጥ ሲተን ሙቀት ይስባል፤ አየሩም በጠባቡ መተላለፊያ ሲፈጥን ይቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም በረዶ ሆኖ ጉሮሮውን ያንቀዋል። ይህ የሚሆነው በብርድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጥንቃቄው ቀላል በሆነ ነበር፤ ዳሩ ግን እርጥበት ካለ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነበት ቀንም ይደርሳል። ዛሬ ካርቡራቶር ባላቸው ማሠልጠኛዎች ውስጥ የሙቅ አየር መክፈቻ የሚደረገው ለዚሁ ነው። ሠልጣኙ ሲከፍተው ሞተሩ የባሰ ይንገጫገጫል፤ የቀለጠው በረዶ ውሃ ሆኖ በሞተሩ ውስጥ ስለሚያልፍ ነው። ደንግጦ መልሶ ከዘጋው በረዶው እንደገና ይሠራል። ታግሦ ሊጠብቅ ይገባዋል። ሊንድበርግ በዚያች ሌሊት ይህ መሣሪያ አልነበረውም፤ ኒውዮርክ እንደደረሰ ግን ለመነሣት ይሽቀዳደሙ የነበሩ ተወዳዳሪዎች በአጠገቡ እያሉ የአየር ማሞቂያ አስገጠመ።

ሜይ 20 ቀን ጧት ከኒውዮርክ ተነሥቶ ከ33 ሰዓት ተኩል በኋላ ፓሪስ አረፈ። 5,800 ኪሎ ሜትር ያህል በረረ። ሬዲዮ አልያዘም፣ ፓራሹትም አልያዘም። በእንቅልፍ ላይ ያደረገውን ትግል ብዙዎች ጽፈውታል። ሞተሩን በሚመለከት ግን የሚነገር ድንቅ ታሪክ የለም፤ በየሰዓቱ ከአንዱ ታንክ ወደ ሌላው እየቀየረ፣ በፊቱ ባለው የመሣሪያ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ሰረዝ እያሰመረ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ዝና መጣ፤ ዝናውን ተከትሎም በ1932 የሕፃን ልጁ ተሰርቆ መገደል። ቤተሰቡ አሜሪካን ትቶ ወደ አውሮፓ ተሰደደ። በእነዚያ ዓመታት ሊንድበርግ ከናዚ ጀርመን መንግሥት ኒሻን ተቀበለ፤ ስለ ነጭ ዘር የበላይነት የሚሰብክ ጽሑፍ በ1939 አወጣ፤ በ1941 በደሞይን ከተማ ባደረገው ንግግርም አሜሪካን ወደ ጦርነት የሚገፉ ናቸው ብሎ አይሁድን ከሰሰ። ሳንካ ያለበትን ሞተር ድምፅ ከሩቅ የሚለይ ጆሮ ሰዎችን በሚመለከት ይህን ያህል መደንቆሩ የሕይወት ታሪኩን የሚጽፍ ሁሉ ሊያልፈው የማይችል ነገር ነው። በኮሎኔልነት ያገለግልበት የነበረውን ማዕርግ መልሷልና ጦርነቱ ሲመጣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ወደ ሠራዊቱ እንዲመለስ አልፈቀዱለትም።

በ1944 ግን በሲቪልነት፣ የአውሮፕላን ፋብሪካ ወኪል ሆኖ ፓስፊክ ደረሰ። በኒው ጊኒ ከ475ኛው የተዋጊ አውሮፕላኖች ጓድ ጋር በፒ 38 መብረር ሲጀምር መካኒኮቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከአንድ ግዳጅ ሲመለሱ የሌሎቹ ታንኮች ሊደርቁ ሲደርሱ የእርሱ ታንክ ብዙ ነዳጅ ይተርፈዋል። ዕድሜው 42 ዓመት የሆነው ሲቪል ወጣቶቹን አብራሪዎች ሰብስቦ አስረዳ። ለረጅም ጉዞ የሞተሩን ዙር በደቂቃ ወደ 1,600 ዝቅ አድርጉ፤ የነዳጁን ድብልቅ አሳንሱ፤ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባውን የአየር ግፊት ግን ከፍ አድርጉ አለ። አብራሪዎቹ የተማሩት ተቃራኒውን ስለነበር፣ እንዲህ ካደረግን ሞተሩ ይጎዳል፣ ካንዴላውም ይበላሻል ብለው ተከራከሩ።  ሞከሩት። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይበሩ የነበሩት አውሮፕላኖች እስከ 10 ሰዓት መቆየት ቻሉ፤ ከዚያ ቀደም ሊደርሱባቸው የማይችሉ ደሴቶችም በክልላቸው ውስጥ ገቡ። ባሕር ላይ ነዳጅ ጨርሰው የሚቀሩ አብራሪዎችም ቁጥር ቀነሰ።

ከጦርነቱ በኋላ ስለ ፓሪስ በረራው የጻፈው መጽሐፍ በ1954 የፑሊትዘር ሽልማት አገኘ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የዱር እንስሳትንና የተፈጥሮን ጥበቃ ሥራው አደረገ። ኦገስት 26 ቀን 1974 በ72 ዓመቱ በሃዋይ፣ በማዊ ደሴት በካንሰር በሽታ ዐረፈ፤ እዚያው በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ተቀበረ። አትላንቲክን የተሻገረችው አውሮፕላን ከ1928 ጀምሮ በዋሺንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ተጠብቃ ትገኛለች፤ በመሣሪያ ሰሌዳዋ ላይ በየሰዓቱ የተሰመሩት የእርሳስ ሰረዞች ይታያሉ።